ፊደል ብቻውን አይዜምም፦ የቪሎቶ ሰንጠረዥና የደቡብ ጎንደር ዜማ ቤቶች ምስክርነት

ጊዮም አንድሬ ቪሎቶ ከናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ (1798–1801 እ.ኤ.አ.) ጋር ካይሮ የወረደ ፈረንሳዊ ሙዚቀኛ ነበር። በዚያ ያገኛቸውን ኢትዮጵያውያን ካህናት እየጠየቀ ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ዜማ ምልክት ያጠናቀረው ሰንጠረዥ፣ ፈረንሳዮች ከ1809 ጀምሮ ስለ ግብፅ ባሳተሙት ግዙፍ ሥራ ውስጥ ወጥቷል። ሰንጠረዡ ለየፊደሉ አንድ የድምፅ ርቀት ይሰጣል፤ ይህኛው ፊደል ድምፅን ይህን ያህል ያወጣል፣ ያኛው ያን ያህል ያወርዳል ይላል። በሰንጠረዡ ዛሬ የሚያምን ባለሙያ አይገኝም። የወለደው ልማድ ግን አልሞተም። ፊደልን ራሱን የቻለ ቁልፍ አድርጎ የማየት፣ ዜማንም በመነሻ ፊደሉ በሀ ሁ ተራ ደርድሮ «አወቅሁት» የማለት ልማድ አሁንም አለ። የዚህ መጣጥፍ ሙግት ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

በርናር ቬላ በ1966 «ምዕራፍ» በተባለው የዜማ መጽሐፍ ላይ ባሳተመው ጥናት፣ ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 ባወጡት ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ፣ የፊደል ምልክት የአንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ምሕፃር መሆኑን አሳይተዋል። ከእነርሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ አልፋቸዋለሁ።

ምልክቶቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን እንደ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ያሉት ቅርጾች ናቸው። ሁለተኛው ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚጻፉት ፊደላት ሲሆኑ ቁጥራቸው በመቶዎች ይቆጠራል። ትውፊቱ ሥርዓቱን ያደራጁት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይላል። የፊደል ምልክት አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘው የታወቀ ሐረግ አለ፤ ከዚያ ሐረግ ተቆርጦ የወጣው ፊደል በሌላ ቃል ራስ ላይ ሲቀመጥ «ይህን እንደዚያ በል» ማለት ነው። ስለዚህ ምልክቱ የሚያስታውሰው የተማረውን ብቻ ነው፤ ያልተማረውን ሰው ምንም አያስተምረውም። ከሦስቱ ስልቶች፣ ከግዕዝ፣ ከዕዝልና ከዓራራይ የትኛው ላይ እንደቆመ ሳይታወቅም አይነበብም።

ቪሎቶ ችላ ያለው፣ ከእርሱም ወዲህ ብዙዎች በግርጌ ማስታወሻ ያሳለፉት ምንጭ ዜማ ቤቱ ነው። በደቡብ ጎንደር ጋይንት ቤተ ልሔም የዋናው የዜማ መጽሐፍ የድጓ ምስክር ቤት አለ፤ ዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት የዜማ መጻሕፍት ቤት ነው፤ ደብረ ታቦር በአቋቋም፣ ዜማን ከአካል እንቅስቃሴ ጋር በማዜም፣ ይታወቃል። ድጓ ተማሪ መጽሐፉን በእጁ እየጻፈ፣ ምልክቱን ከቃሉ በላይ እየጣለ ይማራል። ሌሊት ግን መጽሐፍ የለም፤ ቃል ብቻ ነው። መምህሩ የሚያርሙት ድምፁን ነው፤ ፊደሉ የሚታረመው ድምፁን ተከትሎ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ፊደልን ከድምፅ የሚያስቀድም ሰንጠረዥ ሊወለድ አይችልም።

የዜማዎቹ መጠሪያም ይህንኑ ይመሰክራል። ጃፓኖች የዘፈን ዝርዝራቸውን የፊደል ገበታቸው በሆነው በሃምሳ ድምፆች ተራ ሲያዘጋጁ፣ የርእሱ መነሻ ድምፅ ፈላጊውን ወደ ዘፈኑ ያደርሰዋል፤ ዘፈኑ ርእስ አለውና። የድጓ ዜማ ግን ደራሲ የሰጠው ርእስ የለውም። ብዙ ጊዜ የሚጠራው ከሚዜምበት መዝሙር ወይም ጸሎት በተወሰደ ቃል ነው፤ ያም ቃል ሁልጊዜ የመጀመሪያው አይደለም። ሦስተኛው መዝሙረ ዳዊት የሚጀምረው «እግዚኦ» ብሎ ነው፤ ዜማው ግን «ሚበዝኁ» ይባላል። «እግዚኦ» ብለው የሚጀምሩ መዝሙራት ብዙ ስለሆኑ፣ ቤቱ የጋራውን ቃል ዘሎ ለይቶ የሚያሳውቀውን ያዘ ብዬ እገምታለሁ። «እስመ ለዓለም»ም ከ135ኛው መዝሙር አዝማች እንጂ ከመነሻ ቃሉ አልተወሰደም። በአንጻሩ «ዘአምላኪየ» ከ62ኛው መዝሙር፣ «ዘይእዜ» ከስምዖን ጸሎት መነሻ ቃል፣ «ዘ» ተጨምሮባቸው፣ የመጡ ናቸው። በሀ ሁ ተራ ሁለቱም «ዘ» ሥር ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የሚያገናኛቸው ግን ያ ባዕድ ፊደል ብቻ ነው። «ሠለስት» የተባለውን ዜማ ደግሞ አንዱ ጸሐፊ በንጉሡ «ሠ»፣ ሌላው በእሳቱ «ሰ» ይጽፈዋል፤ በመካከላቸው «ረ» ገብታ አንዱን ዜማ ሁለት ቦታ ትከፍለዋለች።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ቪሎቶ የጻፈው ከካህናቱ አፍ የሰማውን ነው የሚል ነው። ሰምቷል፤ የሰማው ግን ከቦታው ተነቅሎ ለብቻው የተዜመ ሐረግ ሳይሆን አይቀርም። እንዲያ የሰማ ጆሮ መነሻውንና መድረሻውን ለክቶ መካከሉን ይጥላል። ሁለተኛው፣ ያለ ፊደል ተራ ካታሎግ አይሠራም የሚለው ነው። ለፍለጋ ይሁን፤ መፈለጊያ ግን ማብራሪያ አይደለም።

የደብረ ታቦር አቋቋም ደግሞ ክርክሩን ይዘጋዋል። አንዱ ቃል፣ አንዱ ምልክት፣ መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ከበሮ ሲገባ መረግድ ይሆናል፣ በጽፋትም ይፈጥናል። በዚህ ሁሉ ከቃሉ በላይ ያለችው ፊደል አልተለወጠችም። ከአለቃ ገብረ ሐና ጋር ተያይዞ የሚነገረውና በልጃቸው ስም የተጠራው የተክሌ ዝማሜም ከሌላው የሚለየው በአካል ስልቱ ነው። ዝማሜውን ከብራና ላይ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ የሚያገኘው ከመምህሩ ትከሻና ከመቋሚያው ነው።

በርግጥ የሁሉንም ቤት ትምህርት የሚሸፍን መደምደሚያ ለመስጠት ሰፊ ጥናት ያሻል። እስከዚያው ግን ለዜማ ዝርዝር የምመክረው ተራ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ስልቱ፣ ቀጥሎ ምልክቱ የወጣበት ሐረግ፣ ቀጥሎ ዜማው የተቀዳበት ቤት፣ በመጨረሻ ፊደሉ። ይህ ለካታሎግ አዘጋጅ ሥራ ያበዛበታል። የድጓ ተማሪ ዓመታት የሚፈጅበት ግን ይኸው ሥራ ስለሆነ፣ አዘጋጁ ከተማሪው አንሶ እንዲደክም የምንፈቅድበት ምክንያት አይታየኝም።