ዐሥራ ሁለቱ ሰዎችና የችሎቱ በር፦ የጁሪና የግልጽ ችሎት መብት ታሪካዊ ዝምድና



የዛሬው ንግግሬ በወንጀል ክስ ረገድ ጎን ለጎን ስለሚጠሩ ሁለት መብቶች ነው። አንደኛው፣ ተከሳሽ ከሕዝብ መካከል በተመረጡ ሰዎች፣ ማለትም በጁሪ፣ የመዳኘት መብት ነው። ሁለተኛው፣ ጉዳዩ በግልጽ ችሎት የመታየት መብት ነው። የሕግ ትምህርት ሁለቱን ለያይቶ ይተነትናቸዋል። የታሪክ ተማሪ ግን ሊጠይቅ ይገባዋል፦ ሁለቱ ለምን አብረው አደጉ? አንዱ በሌለበት አገርስ በሌላው ላይ የሚወድቀው ሸክም ምን ያህል ነው? ለመልሱ እ.ኤ.አ. በ1670 ለንደን ውስጥ የተካሄደን አንድ የወንጀል ክርክር እንመልከት።

ዘመኑ የንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ዘመን ነው። ፓርላማው ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውጭ የሚደረግን የአምልኮ ስብሰባ የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር። ኦገስት 14 ቀን ወታደሮች በግሬስቸርች ጎዳና የሚገኘውን የኩዌከሮች የጸሎት ቤት ዘጉት። ዊልያም ፔን የተባለ የ25 ዓመት ወጣት ከተዘጋው በር ውጭ፣ ጎዳናው ላይ ቆሞ ሰበከ። እርሱና ዊልያም ሚድ የተባለ ጓደኛው ተያዙ። የቀረበባቸው ክስ ግን በክልከላው ሕግ ላይ የተመሠረተ አልነበረም፤ ሕገ ወጥና ሁከት የታከለበት ስብሰባ አድርጋችኋል የሚል ነበር።

ክርክሩ በኦልድ ቤይሊ ሴፕቴምበር 1 ቀን ተጀመረ። በወንበሩ ላይ ከተሰየሙት መካከል የከተማው ከንቲባ ሳሙኤል ስታርሊንግና ሪከርደር የሚባለው የከተማው የሕግ ሹም ጆን ሃውል ነበሩ። ፔን ክሱ በየትኛው ሕግ ላይ እንደተመሠረተ ጠየቀ። በልማዳዊው የአገር ሕግ ነው የሚል መልስ ተሰጠው። ሕጉን አሳዩኝ ብሎ ቢከራከር፣ በአዳራሹ ጥግ በግንብ ወደተከለለ ስፍራ ተወሰደ። ዳኞቹ ለጁሪው ማሳሰቢያ የሰጡት ተከሳሾቹ በሌሉበት ስለነበር፣ ፔን ከተከለለበት ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተቃወመ። በሩ ለሕዝብ ክፍት በሆነ አዳራሽ ውስጥ እንኳ ተከሳሹን ከገዛ ጉዳዩ መከለል እንደሚቻል ከዚህ እንረዳለን።

ጁሪው ሲመለስ የሰጠው ውሳኔ ዳኞቹን አስቆጣ። ፔን ጥፋተኛ የተባለው በግሬስቸርች ጎዳና በመናገር ብቻ ነበር። ሁከት የሚለው ቃል የለበትም፤ መናገር ደግሞ ብቻውን ወንጀል አልነበረም። ዳኞቹ ውሳኔውን አንቀበልም ብለው ዐሥራ ሁለቱን ሰዎች ያለ ምግብ፣ ያለ መጠጥና ያለ እሳት ዘጉባቸው። በተለይ ኤድዋርድ ቡሼል የተባለውን አባል ስሙን እየጠሩ አስፈራሩት። ሁለት ሌሊት እንዲህ አለፈ። ሴፕቴምበር 5 ቀን ጁሪው ሁለቱም ተከሳሾች ጥፋተኞች አይደሉም ሲል ወሰነ። እያንዳንዱ አባል በስሙ እየተጠራ ሲጠየቅ ቃሉን አላጠፈም። ፍርድ ቤቱም እያንዳንዳቸውን 40 ማርክ ቀጥቶ፣ እስኪከፍሉ ድረስ ኒውጌት እስር ቤት አስገባቸው።

ቡሼልና ከእርሱ ጋር የጸኑት አቤቱታቸውን አካልን ነጻ የማውጣት ትእዛዝ በመጠየቅ አቀረቡ። ዋና ዳኛው ጆን ቮንም የጁሪ አባል በሰጠው ውሳኔ ምክንያት ሊቀጣ እንደማይችል ፈረዱ። የሰጡት ምክንያት ቀላልና ጠንካራ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ ምስክርነት ሰምተው የተለያየ ድምዳሜ ላይ ሊደርሱ ይችላሉ፤ ጁሪውም የአካባቢ ሰው እንደ መሆኑ ዳኛው የማያውቀውን ሊያውቅ ይችላል። የፍሬ ነገሩን ውሳኔ ዳኛው የሚያዝ ከሆነማ ዐሥራ ሁለት ሰዎችን መሰብሰቡ ከንቱ ድካም ነው።

በብዙ መጻሕፍት ታሪኩ የሚቋጨው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሁሉ በዝርዝር ልናውቅ የቻልነው ችሎቱ በሕዝብ ፊት ስለተካሄደና የክርክሩ ሂደት በዚያው ዓመት በጽሑፍ ታትሞ ስለተሠራጨ ነው። ጽሑፉ የተዘጋጀው ከተከሳሾቹ ወገን ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል በጥንቃቄ ልናነበው ይገባል። ሆኖም ዳኞቹ ያስፈራሩት ሰው በጓዳ ሳይሆን በታዳሚ ፊት መቆሙን ማንም አልካደም። ጁሪው የመወሰን ሥልጣን ነበረው፤ አደባባዩ ምስክርነት ሰጠው።

ፔን ራሱ ይህን ዝምድና የተረዳ ይመስላል። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1682፣ ለአዲሱ ግዛቱ ለፔንሲልቬንያ በተዘጋጁት ሕጎች ውስጥ ፍርድ ቤቶች ሁሉ ክፍት እንዲሆኑና ክርክር ሁሉ በአካባቢው ዐሥራ ሁለት ሰዎች እንዲዳኝ ተደነገገ። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስድስተኛ ማሻሻያም ፈጣንና ግልጽ ችሎትን ከገለልተኛ ጁሪ ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር አስሯል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ውስጥ ጁሪ የለም፤ ሕዝብ ግን ከፍርድ ሥራ ባዕድ አልነበረም። ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜ ነዋሪው ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲያወጣ የሚገደድበት አውጫጪኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ነበረ። ይህ ሥርዓት የአካባቢ ሰዎች ተጠርጣሪን በመሐላ እንዲጠቁሙ ካዘዘው የ1166ቱ የእንግሊዝ ድንጋጌ ጋር ይቀራረባል። እዚያ የ1215ቱ የላተራን ጉባኤ ካህናት በእሳትና በውኃ በሚደረግ የፍርድ ፈተና እንዳይሳተፉ ከከለከለ በኋላ፣ ጎረቤት ከጠቋሚነት ቀስ በቀስ ወደ ፈራጅነት ተሸጋገረ። የእኛ አውጫጪኝ ከመጠቆም አላለፈም። ገበሬውን ከእርሻው ነጥሎ የሚያውል ሸክምም ስለነበረ አሳምረን ልንሥለው አይገባም። በሌላ በኩል በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» እየተባለ በሚካሄደው ሙግት፣ ቆሞ የሚሰማው ሰው ፍርዱን በዓይኑ ይከታተል፣ አንዳንዴም አስተያየት ይሰጥ ነበር።

ዘመናዊው ሕጋችን ከሁለቱ መብቶች አንዱን መርጧል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የችሎትን ግልጽነት ተቀብሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በመደበኛ ፍርድ ቤት፣ ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ፣ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት የመሰማት መብት እንዳለው ደንግጓል። ዝግ ችሎት የተፈቀደው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ብቻ ነው። ምክንያቶቹ እውነተኛ ናቸው፤ የተደፈረች ሕፃን ቃሏን በታዳሚ ፊት እንድትሰጥ የሚሻ ሕሊና ያለው ሰው አይኖርም።

ነገር ግን ጁሪ በሌለበት ሕጉንም ፍሬ ነገሩንም የሚመዝነው ዳኛው ነው። ዳኛው ቢሳሳት ወይም ቢገደድ፣ «አይሆንም» ብሎ የሚጸና ቡሼል በክፍሉ ውስጥ የለም። የቀረው የሕዝብ ስፍራ የታዳሚው አግዳሚ ወንበር ነው። ስለዚህ ክርክር በዳኛው ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሲሰማ፣ ወይም በሩ ምክንያቱ ሳይነገር ሲዘጋ፣ የሚጠፋው የሥነ ሥርዓት ጌጥ ብቻ አይደለም። በሌላ አገር ሁለት መብቶች ተጋግዘው የሚሸከሙትን፣ እኛ ዘንድ ብቻውን የተሸከመው ምሰሶ ይናጋል።

ተማሪዎቼ፣ በዚህ ከተማ ችሎት በሚውልበት ቀን ገብታችሁ ተቀመጡ። ዳኛው አያውቃችሁ ይሆናል፤ ተከሳሹም አያውቃችሁም። መብቱ ግን እናንተ በመገኘታችሁ ነው የሚሠራው።