የተፈለገ ጩኸትና ያልተጠራ ጩኸት

በዛሬው ዝግጅታችን የምናወራችሁ በእግር ስለምትረገጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። ፈዝ ትባላለች። ስሟ ከመፍዘዝ ጋር ዝምድና የለውም፤ በእንግሊዝኛ በኮክ ፍሬ ላይ እንደሚታየው ያለ ስስ ፀጉር ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ጊታርና በድምፅ ማጉያው መካከል ትገባና ጥርት ያለውን የጊታር ድምፅ ሆን ብላ ታሻክረዋለች። እዚህ ነታንያም ሆነ በሌሎች ከተሞች ጊታር ከያዙት ልጆቻችን መካከል ሳጥኗን ከመግዛት ይልቅ በገዛ እጃቸው ለመሥራት የሚሞክሩ አሉ። ችግሩ የሚመጣው ብየዳው አልቆ ማጉያው ሲከፈት ነው። ከሚጠበቀው ድምፅ ጋር ያልተጠራ እንግዳ አብሮ ይገባል፤ ጉምጉምታ፣ ፉጨት፣ ሽሽታ፣ ሲብስም የሬዲዮ ዜና። አባት «ማጉያው ተበላሸ» ይላል፤ ልጅ ደግሞ ጩኸቱን አጠፋ ብሎ ሊነካ የማይገባውን ሽቦ ይቆርጣል። ነገሩን ከሥሩ ለማየት የፈለግነው በዚህ ምክንያት ነው።

መቼም ጩኸት ሁሉ ጠላት እንዳልሆነ የኢትዮጵያ ሰው ከፈረንጅ ቀድሞ ያውቃል። በገናን አስቡ። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩም የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። አውታሩ ከታች በሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ከሥሩ ትገባለች። ደርዳሪው እንዚራዋን ወደፊትና ወደኋላ እያደረገ ያስተካክላል፤ ቦታዋን ስታገኝ አውታሩ ቆዳዋን እየነካካ እንደ ንብ ጥዝዝ ይላል። እንዚራዋ ከወጣች ድምፁ ባዶ ይሆናል። በገና በሸክላ ወይም በሲዲ መስማት የሚፈልግ ሰው «ኢትዮፒክ» በሚባለው ተከታታይ እትም ውስጥ የወጣውን የዓለሙ አጋን 11ኛ ቁጥር ያድምጥ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንግዲህ በበገና ላይ ጥዝዝታው ታስቦበት የተሠራ ነው።

በጊታር ላይ ግን ተመሳሳዩ ነገር የተገኘው በብልሽት ነው። አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ፣ ማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዋሪ» የተባለውን ዘፈኑን ሲያስቀርጽ የግሬዲ ማርቲን ቤዝ ጊታር የገባበት የድምፅ መቀላቀያው መስመር ተበላሽቶ ነበር። ድምፁ ተሰባብሮና ሻክሮ ወጣ። ይጣል ወይስ ይቅር ተባለ፤ እንዲቀር ተወሰነ። ዘፈኑ በ1961 ወጥቶ በጣም ተወደደ። ሌሎች ሙዚቀኞችም ያንን ድምፅ መፈለግ ሲጀምሩ የቀረጻው ባለሙያ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን በትራንዚስተር አስመስሎ ሠራው፤ የጊብሰን ኩባንያም ሥራውን ወስዶ በ1962 «ማይስትሮ ፈዝ ቶን» ብሎ ለገበያ አቀረበው። መጀመሪያ ላይ ገዢው ብዙም አልነበረም። በ1965 የሮሊንግ ስቶንስ ጊታር ተጫዋች ኪት ሪቻርድስ «ሳቲስፋክሽን» በተባለው ዘፈን ሲጫወትበት ግን በየመደብሩ የነበረው ሁሉ ተሸጦ አለቀ። በ1966 ደግሞ ለንደን ውስጥ አርቢተር የተባለ ድርጅት ክቡን «ፈዝ ፌስ» አወጣ። ጂሚ ሄንድሪክስ ስሙን ዓለም እንዲያውቀው አደረገ።

የቤት ሠራተኞች ሁሉ የሚጀምሩት በዚህችው በፈዝ ፌስ ነው፤ ምክንያቱም በውስጧ ያሉት ሁለት ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተር፣ ሦስት ካፓሲተርና ሁለት መዘውር ብቻ ናቸው። በአዲስ አበባም የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ከዚህ ድምፅ አልራቁም። አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ካቋቋመ በኋላ በወጡት ሥራዎች ውስጥ የሚሻከርና የሚያለቅስ ጊታር ይሰማል። የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው» በጥሞና ያዳመጠ ጊታሩን ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ ጩኸቱ እንመለስ። ፈዝ የምትሠራው እንዲህ ነው። ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ከመቶ እጥፍ በላይ ታጎላዋለች፤ ሞገዱ ባትሪው ከሚፈቅደው ጣሪያ በላይ ማለፍ ስለማይችል ጫፉ ይቆረጣል። የሻከረው ድምፅ ይኸው የተቆረጠው ጫፍ ነው። ሳጥኗ ግን የጊታርን ድምፅ ከግድግዳው መብራት ጩኸት ለይታ አታውቅም፤ የገባውን ሁሉ ታጎላለች። ስትጫወቱ ጊታሩ ጣሪያውን ስለሚይዝ ጩኸቱ ይደበቃል፤ እጃችሁን ስታነሱ ግን ሜዳው ሁሉ የእሱ ይሆናል። ጉምጉምታው ሁልጊዜ በዝምታው መካከል የሚሰማው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ካውያውን ከማንሳታችሁ በፊት በጆሮ ፈልጉ። መጀመሪያ ሳጥኗን አውጡና ጊታሩን በቀጥታ ከማጉያው ጋር አገናኙት። ያኔም ካጉረመረመ ሳጥኗ ንጹሕ ናት። ቀጥሎ ሳጥኗን መልሱና የጊታሩን ቮሉም እስከ ዜሮ ዝጉ። ጩኸቱ ከቆመ የመጣው ከጊታሩ ነው። ነጠላ ጥቅል ያለው የጊታር ድምፅ መቀበያ እንደ አንቴና ነው፤ ከቤቱ ሽቦ 50 ኸርዝ ጉምጉምታ፣ ከፍሎረሰንት መብራትም ጥዝዝታ ይሰበስባል። ከወንበራችሁ ሳትነሱ ሩብ ዙር ዞር በሉ፤ ሲቀንስ ትሰማላችሁ። የጊብሰኑ ሴት ላቨር በ1955 ሁለት ጥቅል እርስ በርሱ አጋጭቶ ጉምጉምታ የማይሰበስብ መቀበያ የሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቮሉሙ ተዘግቶም ካላቆመ የግድግዳውን አዳፕተር ነቅላችሁ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አስገቡ። ጸጥ ካለ ጥፋተኛው አዳፕተሩ ነው፤ በኃይል መግቢያው ላይ አንድ 100 ኦም ሬዚስተርና አንድ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብዙውን ያጸዳል። በባትሪም ካልተሻለ ሳጥኗን ራሷን እዩ። የፕላስቲክ ዕቃ ለጌጥ ጥሩ ነው፤ ጩኸትን ግን አይከለክልም። ብረት መሆን አለበት፤ ብረቱም ከጃኩ የመሬት መስመር ጋር መገናኘት አለበት። ከመግቢያው ጃክ እስከ ሰሌዳው ያለው ሽቦ አጭርና በመረብ የተሸፈነ ይሁን። ያ ሽቦ ከመውጫው ሽቦ ጎን ለጎን ከሄደ ድምፁ ዞሮ እየገባ ያፏጫል። ሲንቋቋ ከሆነ ደግሞ በደረቅ የእንጨት ስንጥር የብየዳ ነጥቦቹን አንድ በአንድ መታ መታ አድርጉ፤ የላላው ራሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ማጉያውና ሌላ መሣሪያ በተለያየ ሶኬት ላይ ሲሰኩ በመሬት መስመራቸው ዙሪያ የሚዞር ጉምጉምታ ይፈጠራል፤ የአንዱን ስፒና ሦስተኛ እግር ብትቆርጡት ጩኸቱ በርግጥ ይጠፋል። ይህንን የሚመክር ጓደኛ አይጠፋም። ያ ሦስተኛ እግር ግን ኤሌክትሪክ ወደ ማጉያው ብረት ሲያፈተልክ የሰውን አካል ትቶ በሽቦ እንዲሄድ የተደረገ ነው። በግንቦት 1972 በዌልስ፣ ስዋንዚ ከተማ፣ የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሃርቪ በሕዝብ ፊት መድረክ ላይ ሳለ መሬት ያልተያዘለት ማይክሮፎን ነክቶ ሞቷል። ጊታር የያዘ እጅ በአውታሩ በኩል ከመሬት ጋር የተገናኘ እጅ መሆኑን አትርሱ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለቱንም መሣሪያ ከአንድ ሶኬት ማራዘሚያ ላይ ሰኩ። በቤቱ የኤሌክትሪክ ሣጥን ውስጥ ዕብራዊያን «ፓኻት» የሚሉት አደጋ መከላከያም መሥራቱን በላዩ ባለው መሞከሪያ ቁልፍ ፈትሹ። ማጉያውን ደግሞ ከነጭራሹ አትክፈቱት፤ በተለይ ባለ አምፖሉ ማጉያ ከሶኬት ተነቅሎም ለጊዜው ብዙ መቶ ቮልት ሊይዝ ይችላል። ወላጆች ልጆቻችሁን መቆጣት የሚኖርባችሁ በዚህ እንጂ በጥዝዝታው አይደለም።

የቀረው የትራንዚስተሩ ጉዳይ ነው። የድሮዎቹ ሳጥኖች በጀርማኒየም ይሠሩ ነበር፤ ኋላ ሲሊከን ተተካ። ሲሊከኑ ይበልጥ ያጎላል፤ በዚያው መጠን ሬዲዮ ይጠልፋል። ትራንዚስተሩ እንደ ጥንቱ የክሪስታል ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ስለሚፈታ ጊታራችሁ በድንገት ዜና ቢያነብ አትደንግጡ። በትራንዚስተሩ ቤዝና ኮሌክተር መካከል አንዲት 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ብትበየድ ተናጋሪው ዝም ይላል። በጀርማኒየም የተሠሩት ብዙዎቹ የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ጫፍ ከመሬት መስመሩ ጋር ነው፤ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር አንድ አዳፕተር ብታጋሯቸው እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ስለዚህ የራሳቸውን ባትሪ ስጧቸው። ጀርማኒየም ሙቀትም አይወድም። በጥር ጥሩ ድምፅ የነበራት ሳጥን በነሐሴ ሙቀት በረንዳ ላይ ብትቀመጥ ድምፁዋ ይቆራረጣል፤ ሽሽታዋም ይጨምራል። ለዚህ ብየዳ አያስፈልግም፤ ወደ ጥላ ውሰዷትና ቀዝቀዝ እስክትል ጠብቁ።