ዳዊት በማኅደር፣ ስልክ በኪስ

«ጊዜ የለንም» የሚለውን አባባል እኛ የፈጠርነው ይመስለናል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን፣ አለቃ ተቆጥቶን፣ የቤት ኪራይ ቀን ደርሶብን ሳለ መጽሐፍ ቅዱስ የማንበብ ነገር ከተነሳ አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። እስቲ ግን እንጠይቅ፤ የሲሪንቃ ገበሬ መቼ ጊዜ ኖሮት ያውቃል?

ሲሪንቃን ብዙዎቻችን የምናውቃት ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ከደሴ ስንነሳ መርሳን አልፈን ወልድያ ሳንደርስ የምናገኛት፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ያለች፣ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ስሟ የሚነሳ የየጁ አገር ናት። የማሽላ አገር። ማሽላ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ሲዘራ ዝናብ ይጠበቃል፣ ሲያፈራ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ፣ ሲደርስ ይቆረጣል፣ ይወቃል። የሴቷን ሥራ ከጨመርንበት (ውሃው፣ እንጨቱ፣ ወፍጮው፣ ምጣዱ) ቀኑ ሳይነጋ አልቋል።

በእንዲህ ያለ አገር ሰው ቅዱስ መጽሐፍን ከቤተ ክርስቲያን አውጥቶ በኑሮው መሐል ይዞት የዞረው እንዴት ነው? መልሱ አንድ መጽሐፍ ነው። ዳዊት።

ቃሉን ልብ በሉ። አባቶቻችን ዳዊትን «አነበብኩ» አይሉም፤ «ደገምኩ» ነው የሚሉት። አንዴ ተነቦ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነገር አይደለም ማለት ነው። 150ው መዝሙር በ10 በ10 ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል «ንጉሥ» ይባላል፤ በድምሩ 15 ንጉሥ። ከዚያ ለሳምንቱ ቀናት ተደልድሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል።

ድልድሉ እኩል አይደለም፤ እኛ የወደድነውም ይህንኑ ነው። ዓርብ 20 ብቻ ደረሰው፤ ግን ከሁሉ ረጅሙ 118ኛው መዝሙር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ረቡዕም 20 ነው፤ 77ኛው ብቻውን ከ70 በላይ ቁጥር አለው። (በግዕዙ አቆጣጠር ነው፤ በሌሎች እትሞች 119 እና 78 ተብለው ታገኟቸዋላችሁ።) ከፋፋዩ ማንም ይሁን ማን፣ የሰው ጉልበት ልክ እንዳለው የገባው ሰው ይመስለናል።

መማሪያውም ለዚሁ የተሰናዳ ነበር። ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ የዮሐንስን መልእክት አንብቦ፣ ወንጌሉን ዘልቆ ዳዊት ላይ ይደርሳል። ዳዊት ሲጨርስ ቤተሰቡ ይደግስለታል፤ «ተማረ» የሚባለው ያኔ ነው። ከዚያ ቄስ ባይሆን፣ ገበሬም ሆነ ወታደር፣ የብራና ዳዊቱን በቆዳ ማኅደር ከትቶ፣ በጠፍር አንግቶ ይጓዛል። ዓመታት የደገመ ሰው ደግሞ ማኅደሩን ሳይፈታ በቃሉ ይወጣዋል፤ በሬ እየነዳም ቢሆን።

ይህን ስናደንቅ ግን የምንደብቀው ነገር አይኑር። የሚደገመው በግዕዝ ነው። ምሥጢሩን በአማርኛ የሚያፍታታ አንድምታ ነበር፤ እሱን ለመማር ግን ትርጓሜ ቤት መግባትና መምህር ሥር ዓመታት መቀመጥ ያስፈልጋል። አብዛኛው ደጋሚ እዚያ ሳይደርስ ወደ ማሳው ይመለሳል። አፉ የሚያውቀውን ልቡ በከፊል እየተከተለው ይኖራል።

ሴቶቹስ? እቴጌ ጣይቱን የመሰሉ የመኳንንት ልጆች ግዕዝ ተምረዋል። የገበሬ ልጅ ግን የኔታ ፊት የምትቀመጥበት ዕድል እምብዛም አልነበራትም። መጽሐፉ የደረሳት በጆሮዋ ነው፤ በቅዳሴ፣ በጽዋ ማኅበር፣ ልቅሶ ቤት ለሟች ዳዊት ሲደገም። ከእኛ መሐል ሴቶቹ ከመቶ ዓመት በፊት ብንወለድ ድርሻችን ይኸው ነበር።

መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በሚሰማ ቋንቋ ያመጣልን የጎጃሙ ተወላጅ አቡ ሩሚ (አባ አብርሃም) ነው። ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስን፣ ሕንድን ዞሮ ካይሮ ሲደርስ ታመመ፤ አስሊን ደ ሼርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም አስታመመው። ከዚያ ሁለቱ ሥራ ጀመሩ። ሹሙ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በሩን ለእንግዳ ዘግቶ ከሽማግሌው ጋር ይቀመጥ ነበር። እንዲህ እያሉ 10 ዓመት! እ.ኤ.አ. በ1818 ሲያልቅ ከ9,500 ገጽ በላይ የእጅ ጽሑፍ ሆነ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከቢሮ ሥራ በተሰረቀ ጊዜ ማለት ነው። አቡ ሩሚ ብዙ ሳይቆይ ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ ሞተ፤ እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉው መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ አላየውም።

መጽሐፉ ወደ አገሩ ሲገባ ደግሞ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሸዋ ውስጥ የታተሙ መጻሕፍት ሲያድል የቆየው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ወደ ሰሜን ሲጓዝ ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ በተባለ ገዥ ተይዞ ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ደንዲ ከተማ፣ ሮበርት መሪ መቼይን የተባለ ወጣት ቄስ ለምእመናኑ የዓመት የንባብ ሠንጠረዥ አወጣ። ዛሬ በስልካችን «መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት» እያልን የምንጀምረውና ብዙ ጊዜ ዘሌዋውያን ላይ የምንተወው ዕቅድ የዚያ ዓይነት ሠንጠረዥ ልጅ ነው። የ66ቱ መጻሕፍት 1,189 ምዕራፍ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ከ3 ይበልጣል። ሰውዬው ራሱ ሠንጠረዡ ልማድ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ለአንዳንዱም የከበደ ቀንበር እንዳይሆን አስጠንቅቆ ነበር።

ቀንበር ካልን ወሎ የራሷ ታሪክ አላት። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የቤተ ክርስቲያኑን የሃይማኖት ክርክር ካስቆሙ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። እንደ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉት እምቢ ብለው ተነሱ። ቀን በአደባባይ ክርስቲያን፣ ማታ በጓዳው ሙስሊም ሆኖ የኖረም ብዙ ነው። ስለ መጽሐፉ በኑሮ ጫና መሐል መጽናኛነት ስናወራ፣ በአገሩ ልጅ ጫንቃ ላይ ጫና ሆኖ የተጫነበትንም ዘመን አብረን ካላወራን ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። የየጁ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ጎረቤት ናቸው፤ ጉርብትናው ያን ሁሉ ተሻግሮ የመጣ ነው።

የ1954ቱን፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የተዘጋጀውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙ ቤት ሳጥን ላይ ያለው እሱ ነው። ግን ማን ሊያነበው? እዚህ ላይ ታሪክ ትቀልዳለች። ሐምሌ 1971 ደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን አወጀ። በዚያው ክረምት ቄስ ጉዲና ቱምሳና ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በዚያው መንግሥት እጅ ተገደሉ። አንድ መንግሥት በአንድ ወቅት እረኞቹን እየገደለ መንጋውን ማንበብ ያስተምር ነበር። የኔታ ፊት ተቀምጣ የማታውቀው እናት ማታ ማታ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተቀመጠች፤ ዘመቻው ያሰበው ሌላ ሌላ ጽሑፍ እንድታነብ ነው፤ ፊደል ግን አንዴ ከገባ በኋላ ምን እንደሚነበብበት አይጠይቅም።

አሁን እኛ ጋ እንምጣ። ግዕዙም፣ አማርኛውም፣ ትርጓሜውም በአንድ ስልክ ውስጥ አለን። የጎደለን ድልድሉ ነው። የጠዋቱ ጥቅስ «ቲንግ» ብሎ ይመጣል፤ ከሱ በላይ የባንክ መልእክት፣ ከሱ በታች የጓደኛ ቀልድ። እናየዋለን፣ እናልፈዋለን። መድገም አይባልም።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ መብራት፣ ስልክ፣ ባንክ ተቋርጦ ነበር። ባትሪው ያለቀ ስልክ ውስጥ ያለ መጽሐፍ የድንጋይ ያህል ዝም ይላል። በቃል የተያዘ መዝሙር ቻርጅ አይፈልግም። ከአባቶች ብልሃት ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለናል፤ የሚጠይቀው ዋጋም ትልቅ ነው፣ የልጅነት ዓመታት።

እነዚያን ዓመታት መልሰን አናገኛቸውም። ሆኖም ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ ዳዊት በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይሸጣል፤ ማኅደር አይፈልግም፣ የሴት ልጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሰኞ ሦስት ንጉሥ ነው። አንዱ ከመገናኛ ሜክሲኮ እስኪደረስ ያልቃል፤ መንገዱ ከተዘጋጋ ደግሞ ሁለቱ።