ወንበዴውን ምን እናልብሰው?

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ደንቡን ያውቀዋል። አክተሩ አይሞትም፤ ወንበዴው ደግሞ ገና በበር ሲገባ ይታወቃል። ፊልሙ በማናውቀው ቋንቋ ቢሆን፣ ድምፁ ቢጠፋ፣ ቴሌቪዥኑ ቢንተከተክ ችግር የለም። ረጅም ጥቁር ካፖርት፣ ጉንጭ ላይ ጠባሳ፣ ዓይን ድረስ የወረደ ባርኔጣ ካየን «እሱ ነው» ብለን እንጨርሳለን። ማን እንዳስተማረን ግን ጠይቀን አናውቅም።

እኔ ቀን ቀን ኮድ እጽፋለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ትንሽ የጀብዱ ጌም እንሠራለን፤ እየሄዱ፣ ሰው እያናገሩ፣ ዕቃ እየለቀሙ፣ እንቆቅልሽ እየፈቱ የሚጫወቱት ዓይነት። ታሪኩ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነው። አሞሌ ጭኖ የወጣ ሲራራ ነጋዴ መንገድ ላይ ይጠፋል፣ የእህቱ ልጅ ልትፈልገው ትነሣለች። መንገዱን የያዘው ሽፍታ የመጨረሻው ቦስ ነው። ሠዓሊያችን የመጀመሪያውን ንድፍ ይዞ መጣ፦ ጎፈሬ፣ ጥቁር በርኖስ፣ ደረት ላይ የተጠላለፈ ዝናር። (ጥይት የተደረደረበት ዝናር በዘመነ መሳፍንት ከየት ይመጣል ብዬ መጨቃጨቄ ሌላ ጉዳይ ነው።) ንድፉን ለአንዲት ወዳጃችን ስናሳያት ስልኩን ተቀብላ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ይሄ እኮ አያቴ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ያው ጎፈሬ፣ ያው በርኖስ፣ ያው ዝናር አለ። አርበኛ ነበሩ።

የክፉ ሰው ልብስ ከየት እንደሚመጣ መቆፈር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቁፋሮውን የጀመርኩት እኛ በምንሠራው የጌም ዓይነት ውስጥ ምናልባት ከሁሉ በላይ ከሚታወቀው ክፉ ከሌቸክ ነው። ሌቸክ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው «ዘ ሲክረት ኦፍ መንኪ አይላንድ» ውስጥ ያለው መንፈስ የሆነ የባሕር ወንበዴ ነው። ሮን ጊልበርትና የሉካስፊልም ጌምስ ባልደረቦቹ ሲሠሩት በመጀመሪያው ቅጂ የነበራቸው ቀለም 16 ብቻ ነበር። የስክሪኑ ስፋት 320 ነጥብ፣ ቁመቱ 200 ነጥብ። ዛሬ አንድ የስልክ አይከን ከዚያ የበለጠ ነጥብ ሊኖረው ይችላል። በእንደዚህ ዓይነት ስክሪን ላይ ገጸ ባሕርይው ስንዝር አይሞላም፤ ፊቱ ላይ ክፋት ልሣልበት ቢሉ ቦታ የለም። ከዚያ በፊት በ1981 ሺጌሩ ሚያሞቶ ማሪዮን ሲሣለው ያደረገውን አስታውሱ፦ አፍ መሣል ስላቃተ ጺም፣ ጸጉር መሣል ስላስቸገረ ኮፍያ። ነጥብ ሲያንስ ልብስ የፊትን ሥራ ይሠራል። ሌቸክም ትልቅ ባርኔጣ፣ ረጅም ኮት፣ የተንዠረገገ ጺም ተሰጠው፣ በቃ፤ ቀሪውን የተመልካቹ ጭንቅላት ይጨርሰዋል። ጨዋታው ውስጥ ራሱ ልብስ ተንኮል ሆኖ ይመጣል፦ ሌቸክ የደሴቲቱ ሸሪፍ መስሎ ነው በመካከላችን የሚመላለሰው።

ግን የተመልካቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ማን አስገባው? እዚህ ጋ ሃዋርድ ፓይል የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ይመጣል፤ ከ1853 እስከ 1911 የኖረ፣ ለመጽሔትና ለመጻሕፍት የሚሥል ሰው። ጭንቅላት ላይ የታሰረ ጨርቅ፣ ወገብ ላይ የተጠመጠመ ሰፊ መቀነት፣ የወርቅ ጉትቻ፦ ዛሬ «የባሕር ወንበዴ» ሲባል የሚመጣብን ምስል በብዛት የእሱ ነው። ሥራዎቹ ከሞተ በኋላ በ1921 በአንድ መጽሐፍ ተሰበሰቡ፣ ሆሊውድም ተዋናዮቹን በዚያ መልክ አለበሰ። የ1700ዎቹ እውነተኛ ወንበዴ ግን መርከበኛ ነበር፤ የሚለብሰውም የመርከበኛ ልብስ ነው፦ አጭር ጃኬት፣ ሰፊ የሸራ ሱሪ። የፓይል ወንበዴዎች መቀነትና ጉትቻ ከስፔን ገጠሬዎችና ብዙዎች ጂፕሲ ከሚሏቸው ከሮማ ሕዝቦች አለባበስ ጋር እንደሚመሳሰል የሚናገሩ አሉ። ይሄ ነገር ነው የቆረቆረኝ። አንድ ሰው ጥሩ ሥዕል ሣለ፣ ሥዕሉ ተወደደ፣ የአንድ ሕዝብ የበዓል ልብስ የሚመስል ነገር ለመቶ ዓመት የዘራፊ ምልክት ሆኖ ቀረ። ክፋት የለበትም፣ ስለሚያምር ነው የሣለው።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ራሱን በራሱ የነደፈው ሰው ነው። ኤድዋርድ ቲች፣ በቅጽል ስሙ ብላክቢርድ፣ «ጥቁር ጺም»። በ1724 ለንደን ላይ የታተመው የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ እንደሚለው፣ ጺሙን አስረዝሞ በጥብጣብ ይጎነጉነዋል፣ ደረቱ ላይ ስድስት ሽጉጥ ያንጠለጥላል፣ ለውጊያ ሲወጣ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነድ የመድፍ መለኮሻ ገመድ ባርኔጣው ሥር ከፊቱ ግራና ቀኝ ይሰካል። ፊቱ በጭስ ውስጥ ሆኖ ብቅ ሲል አስቡት። መጽሐፉ ማጋነን እንደሚወድ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም አሠራሩ ስሌት አለው። የምትዘርፈው መርከብ ሳይዋጋ እጁን ከሰጠ መርከቡ አይሰበርም፣ ጭነቱ አይቃጠልም፣ ያንተም ሰው አይሞትም። ከመጨረሻው ፍልሚያው በፊት ቲች በእጁ ሰው ስለመግደሉ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። በ1718 የቻርልስተንን ወደብ ዘግቶ የጠየቀው ቤዛ አንድ ሣጥን መድኃኒት ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኦክራኮክ ላይ ተገደለ። የሌቸክ ጺም በ1997ቱ ሦስተኛ ጌም ላይ እንደ ችቦ ሲነድ ያየ ሰው፣ ያ ገመድ እስከየት እንደደረሰ ይገባዋል።

እንግዲህ የባሕሩ ወንበዴ ልብስ «ተፈራኝ» የሚል ማስታወቂያ ነው። ወደ እኛ ሽፍታ ስመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ሽፍታ መንገደኛ መምሰል አለበት። ሱሪው የገበሬ ሱሪ፣ ጋቢው የገበሬ ጋቢ ነው። ከባሰም የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ በእኛ አገር ሽፍትነት ስም ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም ነው፤ ከየት ሆነህ እንደምታየው ይወሰናል። ከሹም ተጣልቶ ጫካ የገባ ሁሉ ሽፍታ ነው። የቋራው ካሣ ኃይሉ ሽፍታ ነበር፤ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ጫነና አፄ ቴዎድሮስ ተባለ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሺስቶች አርበኞቻችንን ሽፍታ እያሉ ይጠሩ ነበር፣ እኛ ደግሞ ጎፈሬያቸውን የጀግና ምልክት አድርገን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። በላይ ዘለቀን ተመልከቱ። አምስት ዓመት ሙሉ ጎጃም ላይ ጠላትን ያስጨነቀ አባ ኮስትር በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት በስቅላት ተቀጣ። ያው ሰው፣ ያው ጎፈሬ።

ይህን ሁሉ ስል ሽፍታ ሁሉ ጀግና ነው ማለቴ አይደለም። አሞሌውን ለተቀማው ነጋዴ ሽፍታ ሽፍታ ነው፤ ታሪኩን ሲራራ ነጋዴዎች ቢጽፉት ኖሮ ሌላ መጽሐፍ ይሆን ነበር። ጌማችን ክፉ ሰው አለው፣ ክፉ መሆኑም እንዲታይ እፈልጋለሁ። ያልፈለግኩት የአንዱን አካባቢ ሹሩባ ወይም የአንዱን ሕዝብ አለባበስ ወስዶ «ቦሱ ይሄ ነው» ማለትን ነው። በዚህ ዘመን ያቺ ምስል ስክሪን ቆርጦ ለማጋራት አምስት ሰከንድ አይፈጅም፤ ከተጋራች በኋላ ደግሞ ጌም መሆኗ ይረሳል። ሠዓሊያችን እንደ አማራጭ ለምድና የአንበሳ ጎፈር እናልብሰው ብሎ ነበር። እነሱም በጀግንነት የሚሸለሙ ናቸው፤ ሌላ አያት እናስቀይማለን።

መልሱን ያገኘሁት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ይህን ችግር ከእኛ በፊት ፈትተውት ኖሯል፤ ያውም ያለ ልብስ። ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እንዲታይ አድርገው ወደ እኛ ያዞሩታል፤ ክፉውን ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሥሉታል። በመጨረሻው እራት ይሁዳን ፈልጉት፤ ልብሱ ከሌሎቹ ባይለይም በዓይኑ ትለዩታላችሁ። ሰማዕታቱን የሚያሠቃዩት ወታደሮችም እንዲሁ ናቸው። የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋን ጦርነት የሚያሳዩ ሥዕሎች ላይም ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዓይን ወደ እኛ ሲያዩ፣ ጣሊያኖቹ በአንድ ዓይን በጎን ይታያሉ። ለምን እንደሆነ የተለያየ ማብራሪያ ይሰጣል። እኔ የወደድኩት ሐሳቡን ነው፦ ክፋት የለበስከው ነገር ሳይሆን ፊትህን ያዞርክበት ነው።

ከዚያ ኮዱ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። ጌማችን ከጎን የሚታይ ነው። በእንደዚህ ዓይነት ጌም ሁሉም ሰው በጎን ነው የሚሄደው! በቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ከሄድን ጀግናዋም፣ አህያ ነጂውም፣ ጠላ ሻጯም ሁሉም ይሁዳ ናቸው። ስለዚህ የሁሉንም ፊት ትንሽ ወደ ተጫዋቹ አዞርነው፤ ሲራመዱም ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ሽፍታው ብቻ ጥርት ያለ ጎን ሆኖ ቀረ። ወደ ኋላ ሲዞርም ሌሎቹ የሚያልፉበትን ፊት ለፊት የሚታይ ፍሬም ዘለልንበት፤ ከቀኝ ወደ ግራ በአንድ ጊዜ ነው የሚገለበጠው። የሞከሩት ልጆች ምክንያቱን ሳያውቁ «ይሄ ሰውዬ ይከብዳል» ይላሉ።

ልብሱስ? የጠፋው አጎት በርኖስ ነው የተሰጠው። የተዘረፈ ልብስ የማንም አካባቢ ምልክት አይሆንም፣ ለተጫዋቹ ደግሞ ፍንጭ ነው። መጀመሪያው ትዕይንት ላይ ልጅቷ የአጎቷን በርኖስ ግራ ትከሻ በቀይ ክር ትጠግናለች፤ ከሰዓታት በኋላ ያንን ቀይ ስፌት ሽፍታው ላይ የምታየው እሷ ናት። ያመጣብን ጣጣ አንድ ነው። ገጸ ባሕርይ ወደ ግራ ሲዞር የቀኙን ምስል በኮድ ገልብጦ ማሳየት የተለመደ ነው፤ አንድ መስመር ናት። የእሱን ከገለበጥነው ግን ስፌቱ ወደ ቀኝ ትከሻ ይሻገራል፣ ማስረጃው ይጠፋል። ስለዚህ የእሱ ብቻ ሁለቱም ጎን ለየብቻ እየተሣለ ነው። ሠዓሊያችን በዚህ ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ ደውሎ፣ ስፌቱን መሀል ጀርባው ላይ ብናደርገውስ እያለኝ ነው።