ራስ መኰንን ከልጃቸው ጋር የዋሉበት ጊዜ

የመኳንንቶቻችን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በሹመትና በዘመቻ ነው። በየትኛው ዓመት ምን ተሾሙ፥ ወዴት ዘመቱ፥ ማንን ድል አደረጉ እየተባለ ይመረመራል። ከዘመቻ ተመልሰው በቤታቸው ከተቀመጡ በኋላ ግን ከልጆቻቸው ጋር ምን ያህል ጊዜ እንደ ዋሉ የሚጠይቅ ታሪክ ጸሐፊ ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ በእኔ አስተያየት ከዘመቻው ታሪክ የሚያንስ ስላልሆነ፥ የሐረርጌ ገዥ የነበሩትን የልዑል ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤልን አባትነት ብቻ ለይቼ ለመመልከት አስቤአለሁ።

በዚያ ዘመን የታላቅ ሰው ልጅ ከአባቱ ጕልበት ሥር ተቀምጦ የሚያድግ አልነበረም። ሕፃንነቱን በሞግዚት እጅ፥ ትምህርቱን ከካህን ዘንድ፥ ጕርምስናውን ደግሞ በጌታ ግቢ ያሳልፍ ነበር። ራስ መኰንን ራሳቸው ዕድሜያቸው 14 ዓመት ገደማ ሲሆን አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ወስደው ለንጉሥ ምኒልክ ስለ ሰጧቸው ከዚያ በኋላ ያደጉት በምኒልክ ቤት ነው። ምኒልክም ቢሆኑ አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሞተውባቸው፥ ገና በ11 ዓመታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው በመቅደላ አደጉ። እንግዲህ ራስ መኰንን አባት ከልጁ ጋር እንዴት እንደሚውል ከሽማግሌዎቻቸው ያዩት ብዙ ነገር አልነበራቸውም ማለት ይቻላል።

ልጃቸው ተፈሪ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ በ1886 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ሲሞቱ ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ራስ መኰንንም ልጃቸውን ለፊታውራሪ ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ዐደራ ሰጧቸው። በፊታውራሪው ቤትም ከእኩያቸው ከእምሩ ጋር፥ ይኸውም በኋላ ልዑል ራስ እምሩ ከተባሉት ጋር፥ እስከ ሰባት ዓመታቸው ድረስ እንደ ወንድማማች ሆነው አብረው አደጉ።

በእነዚህ ዓመታት አባት የት ነበሩ? በ1888 ዓ.ም. በአምባላጌ፥ በመቀሌና በዐድዋ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘመቱ። በ1891 ዓ.ም. ደግሞ በራስ መንገሻ ዮሐንስ ላይ ታዘው ወደ ትግራይ ሄዱ። በ1894 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ የኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል በመቃረቡ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኤውሮፓ ተሻገሩ። በዘመቻው መካከል ያለውም ጊዜ ቢሆን ሙሉ በሙሉ የሐረር አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሲጠሯቸው በበቅሎ ተጕዘው አዲስ አበባ መግባት፥ ከዚያም በዚያው መንገድ መመለስ ነበረባቸው። ዛሬ የመሥሪያ ቤት ፋይል በብብቱ ይዞ ማታ ቤቱ የሚገባና ልጆቹ ተኝተው የሚያገኛቸው አባት ጊዜ የለኝም ቢል፥ ከራስ መኰንን ጋር ሲመዛዘን ምክንያቱ የሚቀልበት ይመስለኛል።

ራስ መኰንን ግን ጊዜ ያጡትን ያህል ልጃቸውን አልረሱም። አባ ሳሙኤል የተባሉትን፥ በሐረር ከካቶሊክ ሚሲዮን ዘንድ የተማሩትን መምህር፥ እንዲሁም ከጓድሎፕ ደሴት የመጡትን ሐኪም ዶክተር ቪታሊያንን መርጠው ልጃቸው የፈረንሳይ ቋንቋ እንዲማሩ አደረጉ። የውጭ ቋንቋ መማር በብዙዎች ዘንድ በጥርጣሬ በሚታይበት ዘመን ይህ አርቆ ማየት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም ያመሰግኗቸዋል። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል። መምህር መቅጠር ሥልጣንና ገንዘብ ላለው ሰው ከባድ ነገር አይደለም፤ ልጁን ለመምህሩ አስረክቦ በዚያው የሚረሳም አባት በየዘመኑ ሞልቷል።

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ አባታቸው ሲናገሩ የሚያነሡት መምህሮቹን ብቻ አይደለም። በአባታቸውና በእርሳቸው መካከል የነበረው ፍቅር ልዩ እንደ ነበረ፥ አባታቸውም ስለ ሠሩት ሥራና ስለ ታዛዥነታቸው ዘወትር ያመሰግኗቸው እንደ ነበር ይገልጻሉ። መኳንንቱና ወታደሩም ይህን ፍቅር እያዩ ልጁን በአክብሮት ይወዱ ነበር። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ምስጋናው ነው። ልጅን ስለ ሠራው ሥራ ለማመስገን አስቀድሞ ሥራውን ማየት ያስፈልጋልና፤ ሥራውን ለማየት ደግሞ ደጅ የሚጠናውን ባለጕዳይ ጥቂት አስቆይቶ፥ የሚጻፈውን ደብዳቤ አሳድሮ፥ ልጁ ያነበበውን መስማትና የጻፈውን መመልከት ግድ ነው። ይህንን ሞግዚትም ሆነ መምህር በአባት ፈንታ ሊያደርገው አይችልም። የአስተማሪ ምስጋና መልካም ቢሆንም የአባትን ቦታ እንደማይተካ የትምህርት ቤት መምህራን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

የራስ መኰንን ልጅ ንጉሠ ነገሥት እስከ መሆን ስለ ደረሱ የአባታቸው አስተዳደግ ፍሬ ይህ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። እስከ 1967 ዓ.ም. የዘለቀው ዘመነ መንግሥት የሚመሰገንበትም የሚወቀስበትም የራሱ ታሪክ አለው፤ የአባትም ፍቅር በልጅ ዘውድ የሚለካ አይደለም። እንዲያማ ቢሆን ልጃቸው ተራ ገበሬ ወይም ተራ ጸሐፊ ሆኖ የቀረባቸው አባቶች ሁሉ በከንቱ ደከሙ ማለት ይሆናል።

ራስ መኰንን ኅዳር 1 ቀን 1898 ዓ.ም. ልጃቸውን በ13 ዓመታቸው ደጃዝማች ብለው ሾሟቸው። ከዚያ በኋላ አብረው የኖሩት አምስት ወር እንኳ አይሞላም። ወደ አዲስ አበባ ጕዞ ጀምረው ቡርቃ ላይ ሕመም ጸናባቸውና ወደ ቁልቢ ተመለሱ፤ በዚያም መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ዐረፉ። አስከሬናቸውም በሐረር ሚካኤል ተቀበረ። ደጃዝማች ተፈሪም እንደ ዘመኑ ልማድና አባታቸውም በልጅነታቸው እንደ ሆኑት፥ ወደ ምኒልክ ግቢ ገቡ።

በ1929 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ስደተኛ ሆነው የሕይወታቸውን ታሪክ ሲያስጽፉ፥ ራስ መኰንን ካረፉ 31 ዓመት ሆኖ ነበር። አገራቸው በጠላት እጅ ነበረች፤ ሊናገሩት የሚገባ የጦርነትና የመንግሥታት ማኅበር ጕዳይም ብዙ ነበራቸው። ከዚያ ሁሉ አስቀድመው ግን በቁልቢ ከታመሙት አባታቸው አጠገብ ተቀምጠው የዋሉበትን ቀን አስጻፉ።