የእንጨት ቅርጽ ኅትመት በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፦ አንድ ሙያ የአገር ጥበብ የሆነበት መንገድ

መግቢያ

የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ማለት በጣውላ ላይ ሥዕል ቀርጾ፣ ሳይቆፈር የቀረውን ገጽ ቀለም በመቀባት በወረቀት ላይ የማተም ሙያ ነው። የአንድ አካባቢ ጥበብ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ቅርስ ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ይህ ሙያ በዚያ አገር ሥር የሰደደው በዕድሜው ብዛት ሳይሆን ለሕዝቡ በሰጠው አገልግሎት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የገበያው መጽሐፍ

የሙያው መነሻ «ኮርዴል» የሚባለው ትንሽ የግጥም መጽሐፍ ነው። ስሙ መጽሐፉን በገመድ ላይ አንጠልጥሎ ከመሸጥ ልማድ የመጣ ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ግጥሞቻቸውን እያሳተሙ ለገበያ ካቀረቡት ሰዎች ቀዳሚው ሌአንድሮ ጎሜስ ደ ባሮስ (1865–1918) ነበር። መጽሐፉ አብዛኛውን ጊዜ 8፣ 16 ወይም 32 ገጽ ነው። ሻጩ በገበያ መካከል ቆሞ በዜማ ያነብና ታሪኩ ከሚያጓጓበት ቦታ ሲደርስ ያቋርጣል፤ ፍጻሜውን ማወቅ የሚሻ ይገዛል። ማንበብ የማይችለውም ገዝቶ ፊደል ለቈጠረ ልጁ ወይም ጎረቤቱ ይሰጥና ያስነብባል። ማንበብን በእነዚህ መጻሕፍት የተለማመዱም ብዙዎች ናቸው።

2. እንጨት የተመረጠበት ምክንያት

የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ሽፋን በአብዛኛው ከጽሕፈትና ከጥቂት ጌጥ በቀር ሥዕል አልነበረውም። በኋላም የፖስታ ካርድና የፊልም ተዋናዮች ሥዕል በዚንክ ክሊሼ መታተም ጀመረ፤ ገዢውም ይህን ይወድ ነበር። ነገር ግን ክሊሼው ከትልልቅ ከተሞች ታዝዞ የሚመጣ በመሆኑ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ በገጠር ከተሞች የሚገኙ አታሚዎች ፊታቸውን ወደ እንጨት ቀራጮች አዞሩ።

ለዚህም ዋነኛው ምሳሌ የጁዋዜሮ ዶ ኖርቴ ከተማ ነው። ከተማው በቄስ ሲሴሮ (1844–1934) ምክንያት ብዙ ምእመናን የሚሳለሙት ስለ ነበር፣ የቅዱሳንን ምስል ቀርጸው የሚሸጡ ባለሙያዎች ነበሩበት። የማተሚያ ቤት ባለቤት ጆዜ ቤርናርዶ ዳ ሲልቫ በ1949 የብዙ ግጥሞችን የማሳተም መብት በመግዛቱ ሥራው ተስፋፋ፤ እንደ ሜስትሬ ኖዛ ያሉ ምስል ቀራጮችም የመጽሐፍ ሽፋን ይቀርጹ ነበር። «ኡምቡራና» የተባለው የአካባቢው ዛፍ እንጨቱ ለስላሳ ስለ ሆነ በቢላዋ ይቀረጻል። ጣውላው ከእርሳስ ፊደሉ ጋር እኩል ቁመት እንዲኖረው ተደርጎ ስለሚቈረጥ ሥዕሉና ጽሕፈቱ በአንድነት ይታተማሉ።

በፔርናምቡኮ ክፍለ ሀገር በቤዜሮስ የተወለደው ጆታ ቦርዤስ (1935–2024) ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። ቦርዤስ በትምህርት ቤት የቈየው ለወራት ብቻ ነው። በ1964 የራሱን ግጥም ማሳተም ጀመረ፤ ለቀጣዩ መጽሐፉ ሽፋን የሚሠራለትን ሰው መክፈል ስላልቻለ ሥዕሉን ራሱ ቀረጸ። በዓለም የታወቀ የኅትመት ሠዓሊ ያደረገው ጅምር ይህ ነበር።

3. ከሽፋን ወደ ግድግዳ

በ1960ዎቹ ዓመታት የሴአራ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም የተቀረጹ ጣውላዎችን ሰበሰበ፤ ሜስትሬ ኖዛ የክርስቶስን ሕማም የቀረጸባቸው ሥዕሎችም በ1965 በፓሪስ ታተሙ። በሌላ በኩል ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲስፋፉ የመጽሐፉ ገበያ ቀዘቀዘ። ሥዕሉ ከመጽሐፉ ተለይቶ በትልቅ ወረቀት እየታተመ ለጎብኚዎችና ለሰብሳቢዎች መሸጥ ጀመረ። በዚህም ቀራጮቹ የተሻለ ገቢና ዝና አገኙ፤ ዳሩ ግን ሥዕሉ ወደ ንባብ ይጠራው ከነበረው የገበያ ሕዝብ ራቀ። ኮርዴል በ2018 በብራዚል ብሔራዊ ቅርስነት ተመዝግቧል።

4. በአዲስ አበባ

ሙያው ወደ አዲስ አበባ የገባበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። የሐምቡርግ ተወላጅ የሆነው ካርል ሐይንስ ሐንሰን ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ግዛቶች አንዷ በሆነችው በባሂያ ተቀምጦ ሠርቷል፤ ስሟንም ከስሙ ጋር በማያያዝ «ሐንሰን ባሂያ» ተብሏል። ይኸው ሰው ከ1963 እስከ 1966 ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ኅትመትን አስተማረ። ከተማሪዎቹም መካከል ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ይገኙበታል። በብራዚል ሙያው ከገበያ ተነሥቶ ወደ ሙዚየም ሲገባ፣ በአዲስ አበባ ግን የተጀመረው ከትምህርት ክፍል ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚያገኙት ቁም ነገር አለ። የእጅ ሙያ ትምህርት የሚጸናው ውጤቱን የሚፈልግ ሰው ሲኖር ነው። ተማሪዎች ለፈተና ብቻ ቀርጸው የሚጥሉት ጣውላ ሙያውን አያቈየውም። በአንጻሩ የአካባቢውን ተረት ጽፈው፣ ሽፋኑን ቀርጸውና አትመው ለታችኛው ክፍል ሕፃናት ማንበቢያ ቢያደርጉት ሥራቸው አንባቢ ያገኛል። ለዚህም ከአናጢ ቤት የተረፈ ለስላሳ ጣውላ፣ የተሳለ ቢላዋ፣ የማተሚያ ቀለምና ወረቀት ይበቃሉ፤ መኪና ባይኖር ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ አሽቶ ማተም ይቻላል። በጣውላው ላይ ፊደል በግልባጭ መቀረጽ ስላለበትም ተማሪው የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ አስተውሎ እንዲያጠና ይገደዳል። ስለሆነም የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ይህን ሙያ ሲያስተምሩ ከሥዕል ክፍለ ጊዜ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቋንቋ ትምህርትም ጋር ቢያያይዙት ይበልጥ ይጠቅማል።