የአሲድና የቤዝ ትርጓሜ በታሪክ ውስጥ

በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አሲድ ብዙውን ጊዜ የሚተረጐመው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ይኸውም በውሃ ሲሟሟ የሃይድሮጂን አዮን የሚሰጥ ነገር አሲድ፣ የሃይድሮክሳይድ አዮን የሚሰጥ ደግሞ ቤዝ ይባላል የሚለው ነው። ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዛል፤ በፈተናም ይጽፈዋል። ይሁን እንጂ ይህ ዐረፍተ ነገር ከመገኘቱ በፊት ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራክረውበታል፤ ከተገኘም በኋላ አርባ ዓመት ሳይሞላው ጠባብነቱ ተገልጧል። መምህሩ ይህን ታሪክ ማወቁ፣ ተማሪው ትርጓሜው የማይመልሰውን ጥያቄ ባነሣ ጊዜ ከመደናገር ያድነዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ አሲድን የለየው በምላሱ ነው። ቃሉ ራሱ የመጣው «ጐምዛዛ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። አልካሊ የሚለውም ከዓረብኛ የተወሰደ ሲሆን፣ መነሻው ከተቃጠለ ተክል የሚገኘው አመድ ነው። ምላስ ግን ታማኝ መለኪያ አይደለም፤ ከቤተ ሙከራ ሲገባማ አደገኛ ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊው ሮበርት ቦይል በ1664 ስለ ቀለማት ባሳተመው መጽሐፍ የተሻለ መንገድ አሳየ። ከቫዮሌት አበባ የተዘጋጀ ሰማያዊ ሽሮፕ አሲድ ሲጨመርበት ይቀላል፤ አልካሊ ሲጨመርበት ግን ይለመልማል፣ ማለት አረንጓዴ ይሆናል። ይህ ሙከራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የቤተ ሙከራ እጥረት ያለበት ትምህርት ቤትም በአካባቢው ከሚበቅሉ ቀይና ወይን ጠጅ አበቦች መካከል የሚስማማውን ፈልጎ ሊሠራው ይችላል። ቦይል አሲድ ምን እንደሚያደርግ ለየ፤ ምን እንደሆነ ግን የሚመለስ ጥያቄ ሆኖ ቀረ።

ለዚህ ጥያቄ ጠንካራ መልስ የሰጠው ፈረንሳዊው አንቷን ላቩዋዝዬ ነው። ድኝ፣ ፎስፎረስና ከሰል ሲቃጠሉ ከአየር አንድ ነገር እንደሚወስዱ፣ የሚገኘውም ውጤት በውሃ ሲሟሟ አሲድ እንደሚሆን ተመለከተ። ከዚህም በመነሣት በ1777 ያን የአየር ክፍል ከግሪክኛ ቃላት ወስዶ «አሲድ አስገኚ» ሲል ሰየመው፤ ኦክሲጅን ማለት ይህ ነው። እንደ ላቩዋዝዬ አስተሳሰብ ኦክሲጅን የሌለበት አሲድ ሊኖር አይችልም። በእጁ ከነበረው ማስረጃ አንጻር ግምቱ የሚናቅ አልነበረም። ችግሩ ከገበታ ጨው የሚገኘው፣ በዚያን ጊዜ ሚውሪያቲክ፣ ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ የሚባለው አሲድ ነበር። ከዚህ አሲድ ውስጥ ኦክሲጅንን ያወጣ ማንም የለም። ላቩዋዝዬ ግን በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ውስጥ ገና ያልታወቀ የሚውሪያቲክ ሥር አስገብቶ፣ ወደፊት ይገኛል በሚል ተስፋ አለፈው። በ1794 በፈረንሳይ አብዮት ዘመን አንገቱ ተቀላ፤ የፍርዱን ስሕተት ሳያይ ሞተ።

ስሕተቱን ያጋለጠው እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ሲሆን፣ መሣሪያው በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረው የኤሌክትሪክ ባትሪ ነበር። በ1807 ፖታሽንና ሶዳን በኤሌክትሪክ ከፋፍሎ ፖታሲየምንና ሶዲየምን ሲያወጣ፣ በሁለቱም አልካሊዎች ውስጥ ኦክሲጅን አገኘ። አሲድ አስገኚ የተባለው ንጥረ ነገር በአሲድ ተቃራኒዎች ቤት ተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎም ከሚውሪያቲክ አሲድ የሚወጣውን አረንጓዴ ቢጫ ጋዝ ያዘ። ይህ ጋዝ ኦክሲጅን ያለበት ውሁድ ነው ይባል ስለነበር፣ ዴቪ በውስጡ ከሰልን በባትሪ ኃይል እስኪነጣ ድረስ አጋለ። ኦክሲጅን ቢኖር ኖሮ ከከሰሉ ጋር በተዋሐደ ነበር፤ ነገር ግን ምንም አልሆነም። በ1810 ጋዙ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን አስታውቆ ከቀለሙ የተነሣ ክሎሪን አለው። ስለሆነም ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሃይድሮጂንና ክሎሪን ብቻ ነው። የኦክሲጅን ንድፈ ሐሳብ ወደቀ፤ የተሳሳተው ስም ግን እስከ ዛሬ ሳይለወጥ ኖሯል።

በ1838 ጀርመናዊው ዩስቱስ ሊቢኽ አሲድ ማለት በብረታ ብረት ሊተካ የሚችል ሃይድሮጂን ያለው ውሁድ ነው አለ። ለዕለት ሥራ ጥሩ ትርጓሜ ነበር፤ ምክንያቱን ግን አልገለጠም።

ምክንያቱን የፈለገው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነው። በ1884 ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ በውሃ የሟሙ ነገሮች ኤሌክትሪክ የማስተላለፋቸውን ጉዳይ የሚመረምር ነበር። ፈታኞቹ ዝቅተኛ ማዕረግ ሰጡት። ጽሑፉን ካነበቡት መካከል ግን የሪጋው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ዋጋውን ተረድቶ ወጣቱን ሊያነጋግር እስከ ኡፕሳላ ሄደ። አሬኒየስ በ1887 ሐሳቡን አጠናቆ ሲያትም፣ ጨው፣ አሲድና ቤዝ በውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ባያልፍባቸውም እንኳ ወደ አዮኖች የተለያዩ ናቸው አለ። ይህ አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ፈታ። ብርቱ አሲድና ብርቱ ቤዝ በሳሳ ብጥብጥ ሲገናኙ፣ የየትኛውም ዓይነት ይሁኑ፣ ለእያንዳንዱ ሞል ውሃ የሚወጣው ሙቀት 57 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ዓይነቱ ሲለያይ ሙቀቱ ለምን አንድ ይሆናል? በእርግጥ የሚዋሐዱት የሃይድሮጂንና የሃይድሮክሳይድ አዮኖች ብቻ ስለሆኑ ነው፤ የቀሩት ተመልካቾች ናቸው። በ1903 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1909 ዴንማርካዊው ሶረንሰን በኮፐንሃገኑ የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ የፒ ኤች መለኪያን ሲያወጣም በዚሁ መሠረት ላይ ቆሞ ነው፤ ቁጥሩ በ1 ሲቀንስ የሃይድሮጂን አዮን መጠን 10 ጊዜ ይበዛል።

እንግዲህ ትርጓሜው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ አሞኒያ ባትኖር ኖሮ። አሞኒያ ግልጽ ቤዝ ናት፤ በውስጧ ግን ሃይድሮክሳይድ የለም። ችግሩን ለመሸፈን መጻሕፍት አሞኒየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ውሁድ በውሃው ውስጥ አለ እያሉ ለረጅም ዘመን ጻፉ፤ ልክ ላቩዋዝዬ ያልታወቀውን ሥር እንደ ጻፈው። በተጨማሪም የአሞኒያ ጋዝና የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ውሃ በሌለበት ሲገናኙ ነጭ ጢስ የሚመስል ጨው ይሠራሉ። ውሃ ከሌለ የአሬኒየስ ትርጓሜ የሚናገረው የለውም። በ1923 ዴንማርካዊው ብረንስቴድና እንግሊዛዊው ላውሪ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ አሲድ ፕሮቶን ሰጪ፣ ቤዝ ደግሞ ፕሮቶን ተቀባይ ነው አሉ። ውሃም እንደ ባልንጀራው ሁኔታ ሰጪም ተቀባይም ይሆናል። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ ከዚህም ሰፋ አድርጎ፣ አሲድ ጥንድ ኤሌክትሮን ተቀባይ፣ ቤዝ ሰጪ ነው አለ።

ይህ ልዩነት የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ የኢትዮጵያን የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ደጋ አፈር ይመልከት። ብዙ ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ ፒ ኤቹ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የገብስንና የስንዴን ሥር ይጎዳል። የአሉሚኒየም አዮን ሃይድሮጂን የለውም፤ ሆኖም አፈሩን አሲዳማ ያደርጋል። በአሬኒየስ ትርጓሜ ይህ አይገባም። በሉዊስ አነጋገር ግን አዮኑ የከበቡትን የውሃ ሞለኪውሎች ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስባል፤ በብረንስቴድ አነጋገር ደግሞ እነዚያ ሞለኪውሎች በዚህ የተነሣ ፕሮቶናቸውን ይለቃሉ። መድኃኒቱም ቢሆን እንዲሁ ነው። ለገበሬው የሚሰጠው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን ሃይድሮክሳይድ የለበትም። ካርቦኔቱ ከአፈሩ ፕሮቶን ተቀብሎ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ አሉሚኒየሙም በማይሟሟ ሃይድሮክሳይድ መልክ ይዘቅጣል፤ ሥሩም ወደ ታች መውረድ ይጀምራል።